ዋስ የሆንኩት ለመምጣቱ ነው

የካቲት 3

ለልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። መሰላል ወጥቼ እወርዳለሁ። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፤ ድሮ በአንድ ጊዜ ነበር፣ አሁን በሁለት ምልልስ። መጋዝ ከያዝኩ መስመር አልስትም፤ መስመሩን ማየቱ ነው ትንሽ የሚያስቸግረኝ። ሸሚዜን አጥባለሁ። አንገትጌውን እናትሽ ታነጣው የነበረውን ያህል አላነጣውም፣ ግን አጥባለሁ። ደብዳቤም እንደምታይው ራሴ እጽፋለሁ። ፊደሉ እንደ አሮጌ አጥር ወዲህ ወዲያ ቢል ወረቀቱ መስመር ስለሌለው ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ «ጤናህ እንዴት ነው፣ አእምሮህስ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። ጤናውም አለ፣ አእምሮውም አለ። ስለ አእምሮዬ መጠየቅሽን ግን ልብ ብያለሁ።

ማን ነገረሽ ብዬ አልጠይቅም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። የዚያች ሴት መርፌ ጨርቅ ይወጋል፣ ምላሷ ሰው።

አዎ፣ ለስንጥር ዋስ ሆኛለሁ። አዎ፣ ቤቱን አስይዤ። አንቺ እሱን አግብተሽ ከተፋታችሁ ወዲህ ስሙን መጥራት ትተሻል። እኔ ግን ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው። ገና ጢም ሳያወጣ ሥራ ቤቴ ሲገባ እንደ ስንጥር ቀጥኖ ስለነበር ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አናጢነት ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። እንግዲህ የጣውላ ፋብሪካው መጋዘን ጠባቂ አድርጎት ነበር። የደረቀ ምርጥ ጣውላ ጎደለ ተባለና ተያዘ። ግንድ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል፤ ሰፈሩ ሁሉ «እኔማ ድሮም ዓይኑን አላምነውም ነበር» ማለት ጀመረ። ዋስ ካገኘ እስከ ቀጠሮው ድረስ ውጭ ሆኖ ይጠብቅ አሉ። ወንድሙ አሞኛል አለ። አጎቱ የበላው ጅብ አልጮኸም። እኔ ሄድኩ።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ እግር ነው። «አባቴ፣ ምንዎ ነው?» አለኝ።

«የልጄ ባል ነበር።»

«ነበር?»

«ፈቷታል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን ዋስ ይሆኑታል?»

«ሌላ ሰው ሲመጣ አላየሁማ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዱ «ጋሼ፣ ለእኔም ዋስ ይሁኑኝ፤ እኔ እንኳ ሚስቴን አልፈታሁም» አለ። እኔም ስቄ ፈረምኩ። በጣቴ አይደለም፣ በስሜ ነው የፈረምኩት።

አሁን አንድ ነገር ስሚኝ። «አልሰረቀም» ብዬ አልማልኩም። ማንም አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም አላውቅም እል ነበር። ዋስ የሆንኩት ለመምጣቱ ነው። መጋቢት 21 ቀን ጠዋት ዳኛው ፊት ይቆማል። ካልቆመ ቤቱ ይወሰዳል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በደብዳቤሽ መጨረሻ «ጉም ዘጋኝ ነህ» ብለሽኛል። ተሳስቼ ያነበብኩት መስሎኝ መስኮት ዳር ወስጄ ደገምኩት። ቃሉ አዲስ አይደለም። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትለኝ ኖራለች። መንገድ ይወጣል ሲባል ሰምቼ ለመንገዱ ዳር ሱቆች በር አስቀድሜ የሠራሁ ጊዜ «ይኸው ጉም ዘጋኙ!» አለችኝ። መንገዱ በሌላ በኩል ወጣ። በሮቹም ጓሮ ግድግዳ ተደግፈው እስካሁን አሉ። እና ስድቡን አውቀዋለሁ። ግን በቦታው ይሁን። ሰነፍን ጉም ዘጋኝ አይሉትም፤ ሰነፍ መች እጁን ይዘረጋል? ቂልንም አይሉትም፤ ቂል ጉሙን ዱቄት መስሎት ነው የሚዘግነው። ጉም ዘጋኝ የሚባለው ጉም መሆኑን እያወቀ እጁን የሚሰድ ሰው ነው። እንደዚያ ማለትሽ ከሆነ ተቀብያለሁ። ቂል ማለትሽ ከሆነ ግን አባትሽ ነኝ።

አባትሽ


የካቲት 12

አባዬ፣

እንደምን አለህ ልልህ ነበር፤ ግን እንደምን እንዳለህ አውቃለሁ። ወይ ፍንክች ብለህ ቁጭ ብለሃል። አእምሮህን በመጠየቄ ይቅርታ። ቃሉን በመጻፌ ግን ይቅርታ አልልም።

የምጽፈው መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ሆኜ ነው፤ ሰው ሳል ይዞት በመጣ ቁጥር አቋርጣለሁ። ፊደሌ ቢንቀጠቀጥ ግን ከሥራ ብዛት አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

ስለዚያ ሰው ረስተህ ከሆነ ላስታውስህ። ለቁም ሳጥኔ በር ማጠፊያ ገዝቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ማጠፊያው እስካሁን እየተገዛ ነው። ቁም ሳጥኑን በር አልባ እንደሆነ ጭኜ ወደዚህ ከተማ መጣሁ፣ ዛሬም ልብሴ እንደ ሱቅ ዕቃ ለመጣው ሁሉ ይታያል። «ይመጣል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አታስተምረኝ። ደጃፍ ላይ ቆሜ ተምሬዋለሁ።

ጉም ዘጋኝ ማለትም እኔ ጋ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። ሰውየው ብቻውን ቢሆን ይዝገን፣ ማን ከለከለው? ግን ብቻውን ሆኖ አያውቅም። እሱ እጁን ወደ ላይ ሲሰድ ከታች መሰላል የሚይዝለት ሰው አለ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ መሰላልህን ያዘች። እነዚያን በሮች ስትሠራ በምን በላን? በእሷ እጅ። የዚያ ቤት ግማሹ የእሷ ነው፤ ጭቃውን ስታቀብልህ እኔ በሆዷ ነበርኩ ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። ቤቱን ስታስይዝ ታዲያ ማንን ጠየቅክ?

ከመድኃኒት ቤታችን ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ጠበቃ አለ፤ አማከርኩት። ዋሱ ሰውየውን ይዞ ቀርቦ «ከዚህ በኋላ በቃኝ» ካለ ከዋስትናው ይወርዳል ብሎኛል። አባዬ፣ ጀግና ሁን አላልኩህም። እጁን ይዘህ ወስደህ አስረክበው። ለመሆኑ ታየዋለህ? የት ነው የሚያድረው? ያስያዝከው ቤቱን መሆኑንስ ያውቃል?

ልጅህ


የካቲት 20

ለልጄ፣

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አታድርቂኝ።

አየው ነበር። ማታ ማታ ሥራ ቤቴ እየመጣ ሳንቃ ይይዝልኝ ነበር። ስለ ክሱ አላወራንም። አንድ ቀን ብቻ አጎንብሶ እየጠረገ «ጋሼ፣ እሷስ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ማን?»

«ያው…»

«ደህና ናት። ቁም ሳጥኗ በር የለውም።»

ከዚያ በኋላ ወለሉን እንደዚያ ጥርግ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም።

አየው ነበር ያልኩሽ ባለፈው ሰኞ ጣሪያ የሚሠራበት ቦታ አግኝቶ ስለሄደ ነው። የአውቶቡስ መንገድ ነው። አትቆጪ፤ ሰው ቀጠሮውን እስኪጠብቅ ጦሙን ይደር? የእንጨት መላጊያ ስላልነበረው የእኔን ሰጠሁት። ታውቂዋለሽ፣ እጀታው በመዳፌ ልክ የጎደጎደውን። በመጋቢት መጀመሪያ እመለሳለሁ ብሏል።

ቤቱን መሆኑን አያውቅም። የሥራ ዕቃዬን ያስያዝኩ መስሎታል። ልብስ ሰፊዋም «ንገረው እንጂ ጋሼ፣ ይክበደው» ትለኛለች። አልነግረውም። ለሰው ዋስ ሆነሽ፣ ደግሞ ደረትሽን ነፍተሽ «ቤቴን ነው ያስያዝኩልህ» ካልሽው ዋስ አልሆንሽም፤ አራጣ አበዳሪ ሆነሻል።

እጁን ይዤ አላስረክብም። ጠበቃውን አመስግኚልኝ፤ ለራሱ አባት እንዲመክር ንገሪልኝ።

ስለ እናትሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። እሱን አልመልስም።

አባትሽ


መጋቢት 5

ለልጄ፣

የላክሽልኝ የሳል ሽሮፕ ደርሶኛል። ይመራል፤ ስለዚህ ጥሩ መድኃኒት መሆን አለበት። ሳሉ ቀንሷል። ገላዬን እታጠባለሁ፣ ምግቤን እበላለሁ፣ ሌሊት እተኛለሁ። ይህን ሁሉ እንደ ሕፃን ለምን እንደምታስጽፊኝ አልገባኝም።

ስንጥር ገና አልተመለሰም። የጣሪያ ሥራ እንደምታውቂው ነው፣ ቆርቆሮ ይዘገያል፣ አሠሪው ይለግማል። መላጊያዬን በአውቶቡስ ሹፌር ልኮልኛል፤ በጆንያ ጠቅልሎ። ሥራው አልቆ ይሆናል። ሌላ ነገር የለውም።

ሰፈሩ ሥራ ፈትቷል። ማዕዘኑ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ሳልፍ «ጋሼ፣ ቤቱን ከነዕቃው ነው ወይስ ባዶውን?» ይሉኛል። «ከነምላሳችሁ» አልኳቸው። ትናንት አንድ ሰው መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጣሪያውን ያይ ነበር። «ምን ፈለግክ?» ስለው «ምንም፣ እያየሁ ነው» አለኝ። ለረጅም ጊዜ ነበር ያየው። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ዕቃ ልሸክፍልህ አለችኝ። የጎረቤት ጡሩንባ ነሽ፣ መጀመሪያ አፍሽን ሸክፊ አልኳት። አልቅሳ ሄደች። ማልቀሷ አልገባኝም።

አባትሽ


መጋቢት 11

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ አጭር ነው። ሰላምታም የለው። «የመላጊያው ስለት ተስሎ ነው የመጣው ወይስ ዶልዱሞ?» ብቻ።

ስለት ስለት ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያንን ወረቀት ቀደድኩት። አንቺ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተኝተሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ፣ ላንቺ ሊዋሽ አይቻልም።

ተስሎ ነው የመጣው።

አዎ። በእኛ ሥራ የተዋሱትን መላጊያ ገና የሚፈልጉት ከሆነ እንዳለ ይዘውት ይቆያሉ። «ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ አልመለስም፣ ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» ለማለት ሲሆን ግን ስሎ መመለስ ነው ወጉ። ይህን ወግ ለእሱ የነገርኩት እኔ ነኝ። ጆንያውን ፈትቼ ጣቴን ሳስኬድበት ቆረጠኝ። እንደዚያ አድርጎ የሳለው ሰው ቸኩሎ አልነበረም። ቁጭ ብሎ ነው የተሰናበተኝ። ባለፈው ደብዳቤ «ሌላ ነገር የለውም» ያልኩሽ ያንን እያወቅኩ ነው።

ትናንት ፖሊስ ጣቢያ በር ድረስ ሄድኩ። ጠበቃሽ ያለው ትዝ አለኝ። አሁን ገብቼ «ጠፍቷል፣ ፈልጉት» ብል ምናልባት ሳይርቅ ይይዙታል፣ ቤቱም ይተርፋል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ «አባባ፣ ምን ልርዳዎ?» አለኝ።

«ሰዓት ስንት ነው?» አልኩት።

ነገረኝ። ተመለስኩ።

ለምን እንደተመለስኩ ለራሴም በደንብ አልተገለጠልኝም። ገብቼ «ጠፋ» ካልኩ የሚያጠፋው የእኔ አፍ ነው። ቀጠሮው እኮ አልደረሰም። ቀጠሮው ሳይደርስ የቀረ ሰው የለም።

ትፈራለህ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ አልፈራም እልሽ ነበር። ስላልጠየቅሽኝ ልንገርሽ፤ እፈራለሁ። ሌሊት ሌሊት ቤቱ ድምፅ ያሰማል፣ እንጨቱ ሲቀዘቅዝ እንደሚንቋቋው ነው፤ ድሮ አልሰማውም ነበር። አሁን እያንዳንዷን እሰማለሁ። የቷ ሳንቃ እንደሆነች በቦታዋ አውቃታለሁ፤ የቷን እኔ እንደመታሁ፣ የቷን እናትሽ እንደያዘችልኝ።

ከተወሰደብኝ ሥራ ቤቱ ውስጥ አልጋ ይገባል። ከአንቺ ጋር እንድኖር እንዳትጽፊልኝ።

አባትሽ


መጋቢት 19

ለውድ አባዬ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ጤናህን፣ እንቅልፍህን፣ ጉልበትህን ሁሉ እጠይቃለሁ። ሳልህስ? ሽሮፑን ከምግብ በኋላ ነው የምትወስደው። የተቆረጠውን ጣትህን በንጹሕ ውሃ እጠበው። ብርድ ልብስ ደርብ። ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በልልኝ። አባዬ፣ እሷ ያለቀሰችው እማዬን ገንዛ የሸኘች ሴት ስለሆነች ነው። ያንን ቤት እሷም ታውቀዋለች።

ለመዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። እንግዳ መጥቶብኝ ነበር። አልጠበቅኩትም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ አንዱ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ይቆማል፣ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ማንም የሚፈልገውን አይናገርም። እኔ ቆሜ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ እንዳትሄድ። ዕቃም አትሸክፍ። ለምን ብለህ አትጻፍልኝ፤ ብትጽፍም አልመልስልህም፤ የምመልሰው ነገር ስለሌለኝ ነው። ከእኔ ደረጃ ሥር የፖሊስ ኬላ አለ፤ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» እየተባባልን አልፈዋለሁ። ዛሬም እንደ ወትሮው አለፍኩት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስቆጥር እየተሳሳትኩ ዋልኩ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሁለት ጊዜ አስተካከለችኝ።

ማታ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ብርጭቆው ታጥቧል። ሌላ የማውቀው ነገር የለም፣ አባዬ። እውነቴን ነው፣ የማውቀው ነገር የለም።

ልጅህ


መጋቢት 23

ለልጄ፣

መጣ።

አስቀድሜ እሱን ልጻፍ፤ አንቺ ደብዳቤ ስትከፍቺ ከመጨረሻው እንደምትጀምሪ አውቃለሁና ከላይም ላስቀምጠው። መጣ።

አሁን እንዴት እንደሆነ ስሚ። ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት በረንዳው ላይ ነበርኩ። ሸሚዝ ቀይሬ፣ ጢሜን ተላጭቼ። ዘበኛው ተከሳሽ መስዬው «አባቴ፣ ምን አድርገው ነው?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ሰው ሞላ። ጸሐፊው ስም መጥራት ጀመረ። የስንጥርን ስም ጠራ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ «ዋሱ አለ?» አለ። «አለሁ» ብዬ ተነሣሁ። አግዳሚውን ያዝኩ። «የት ነው ሰውየው?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። በሩ ሲከፈት ሁሉም ሰው ዞረ። ስንጥር ነበር፤ አቧራ ለብሶ፣ እያለከለከ፣ ቀኝ እጁ በፋሻ ታስሮ። «አውቶቡሱ ጎማ ተንፍሶ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ተቀመጥኩ። መቀመጥ እንደዚያ ጣፋጭ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሰርቋል። አልካደም። «ምርጥ ጣውላ ዝናብ ላይ ተጥሎ ሲበሰብስ ማየት አልቻልኩም» አለ። ዳኛው «ታዲያ ለምን ሸጥከው?» አለው። እኔም በልቤ እንደዚያው ነበር የጠየቅኩት። አንድ ዓመት ፈረዱበት። ቤቱ ተለቀቀ፤ ጸሐፊው ወረቀቱን ሲሰጠኝ እጄን ጨበጠኝ።

ከመውሰዳቸው በፊት ትንሽ እንድናወራ ተዉን። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ቤቱን መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?»

ዓይኔ ፋሻው ላይ ነበር። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ቋጠሮው ከአንጓው በታች። እንደዚያ የሚያስር ሰው እናትሽ ነበረች፤ ከእሷ የተማረውም አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ማን ነገረህ?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

«ሚስማር ወግቶኝ ስለነበር አሰረችልኝ። ለመንገድ የሚሆን ነገር ልለምናት ነበር የሄድኩት፤ ድንበር ለመሻገር። ገና ሳልናገር ‹ቤቱን ነው ያስያዘልህ› አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም፣ ጋሼ። አልሰደበችኝም እንኳ። ጠዋት ስነቃ የአውቶቡስ ትኬት ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ወደዚህ የሚያመጣ። በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄዳለች።»

«ድንበር የሚሄደውስ አውቶቡስ?»

«ከዚያው መናኸሪያ ነው የሚነሳው። ጎን ለጎን ነው የቆሙት።» አጎነበሰ። «ቆሜ ሁለቱንም አየኋቸው። ያስያዝከው የሥራ ዕቃህን ብቻ ቢሆን መምጣቴን እኔ እንጃ፣ ጋሼ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ እንጃ።»

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ ደረጃ ወርደሽ ለዚያ ኬላ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ቤቱ ያለ ጥርጥር ይተርፍ ነበር። ቃሉን ሳትናገሪ «እንደምን አደሩ» ብለሽ አለፍሽ። ማጠፊያ ልግዛ ብሎ ለወጣ ሰው በር ገርበብ አድርገሽ ትተሽ ሄድሽ። እንደዚህ ያለ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ እኔ አልናገርም። አዋቂዋ አንቺ ነሽ። በመካከላችሁ ስላለው ነገርም አልጠይቅም።

አሁን ስለ ዕዳ ልጻፍልሽ፤ «ከዚህ በኋላስ ምን ቀረህ?» ትዪኛለሽና። የጣውላው ዕዳ የስንጥር ነው፤ እሱ ይቀመጥበት፣ አላግዘውም። የእኔን ግን ራሴ እወጣዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካብኝ።

ለልብስ ሰፊዋ ይቅርታ አለብኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ በሯ ላይ ቆምኩና ስለ አየሩ አወራኋት። ነገ ደግሞ እሄዳለሁ።

ለስንጥር የጉብኝት ቀን አለብኝ፣ ዓመቱን ሙሉ። ቤቱን ማስያዜን ደብቄው የነበረው ለእሱ አዝኜ መስሎኝ ነበር። ኩራቴ ነው። ኩራቴ ሊያስቀረው ነበር።

ለእናትሽ ያለብኝን እሷው ታውቀዋለች።

ላንቺ ያለብኝ ይኸ ነው፦ የጠየቅሽኝን ዘልዬው ነበር። ማንን ጠየቅክ ብለሽኝ ነበር፤ ማንንም አልጠየቅኩም። ይህን ዕዳ በወረቀት አልከፍለውም፤ ፊቴን እያየሽ ነው። ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። መናኸሪያ ድረስ መጥተሽ እንዳትጠብቂኝ። መንገዱን እየጠየቅኩ እደርሳለሁ፤ ደረጃውንም ራሴ እወጣዋለሁ።

አባትሽ